ሸራፋ ስንዴ

ባለቤቴ ስንዴ በፌስታል አስይዛ ወፍጮ ቤት ስትልከኝ ሁለት ነገር አስጠንቅቃኝ ነበር። አንደኛውን፣ ማለትም «ስልክህን ያዝ» ያለችውን፣ ከቤት ሳልወጣ ረሳሁት። ሁለተኛውን አስፋልቱን ሳልሻገር ረሳሁት።

ለቡ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ባለችው ወፍጮ ቤት ወረፋዬ ሲደርስ፣ እስከ ቅንድቡ ዱቄት የለበሰ ልጅ ፌስታሌን ተቀብሎ፣

«አባባ፣ ይፈጭ ወይስ ይከካ?» አለኝ።

ሁለተኛው ነገር ይኸው ነበር። ለገንፎ ከሆነ ይፈጫል፤ ለቂንጬ ከሆነ ይከካል። በዚሁ ጉዳይ ከባለቤቴ ጋር ረጅም ውይይት አድርገናል፤ እኔም በሙሉ ልቤ ተስማምቻለሁ። በምን እንደተስማማሁ ነው የጠፋኝ።

«ለእማማ ይደውሉላቸዋ!» አለ ልጁ፣ መርሳቴ ገብቶት።

«ስልኬን እቤት ትቼው ነው።»

«እንግዲያው ቆም ብለው ያስቡ» ብሎ ከኋላዬ የነበሩትን ሴትዮ ስንዴ ተቀበለ።

ለማሰብ ብዬ ጥግ ያዝኩ። ግን ወፍጮው የሴትዮዋን ስንዴ መዋጥ ሲጀምር ያ ሽታ መጣ። የጋለ ድንጋይና ጥሬ ስንዴ ሲገናኙ የሚሸት፣ ጣፈጥ ብሎ ጉሮሮ ላይ ከርከር የሚያደርግ ሽታ። ገንፎውንም ቂንጬውንም አስረስቶ ላፍቶ አደረሰኝ። ላፍቶ ሩቅ አይደለም፤ በታክሲ ይኬዳል። ሽታው ያደረሰኝ ላፍቶ ግን ታክሲ አይገባበትም።

ጊዜው ደርግ ነው፤ ከሶማሊያ ጋር የነበረው ጦርነት ያለቀበት ዓመት። በእኔ አቆጣጠር ግን የፊት ጥርሴን የሸረፍኩበት ዓመት ይባላል። ቶላ የሚባል የገበሬ ልጅ ጓደኛ ነበረኝ፤ የለስላሳ ቆርኪ በጥርሱ ይከፍታል። አንድ ቀን «የከተማ ሰው ጥርስ ለሳቅ ብቻ ነው የተፈጠረው» አለኝ። እኛ እንኳ ከተሜ ለመባል የሚያበቃ ነገር አልነበረንም። ቤታችን ስንዴ ማሳና ባሕር ዛፍ መሃል ነው፤ ጠዋት በር ስንከፍት ቀድሞ የሚያየን ፉሪ ተራራ ነው። አባቴ ግን ፋብሪካ ስለሚሠራ ለቶላ ከተሜዎች ነበርን። የከተማውን ክብር ለማስመለስ ቆርኪውን ነከስኩት። ቆርኪው ባለበት ቀረ፤ የጥርሴ እኩሌታ ሄደ። ቶላ ስባሪዋን ከአፈር ላይ ፈልጎ፣ ጠርጎ መዳፌ ላይ አኖረልኝና «ሸራፋው!» ብሎ አጠመቀኝ። ከክርስትና ስሜ ይልቅ የታወቅሁት በዚሁ ነው።

ቁስሉ ሳይጠግግ ዓቢይ ጾም ገባ፤ እማሆይም ጠሩኝ።

እማሆይ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ መነኮሱ፤ ግን ገዳም አልገቡም። በግቢያችን ጥግ ባለችው አንዲት ክፍል ሆነው የማርያምን መገበሪያ፣ ለቁርባኑ ኅብስት የሚሆነውን ስንዴ፣ ያዘጋጃሉ። ዲያቆናቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለችው ቤተልሔም ይጋግሩታል፤ ለቅሞ ፈጭቶ ማድረሱ ግን የእማሆይ ነው።

«ዓይኔ ደክሟል» አሉኝ። «ያንተ ገና አዲስ ነው። ና፣ ልቀም።»

«ቶላ እየጠበቀኝ ነው።»

«እግዚአብሔርም እየጠበቀህ ነው። ማንኛቸው ይቆጣሃል?»

የሚቆጣኝ ቶላ ነበር፤ ግን አልተናገርኩም።

ለቀማው ሕግ አለው። እጅ ይታጠባል። ወሬ አይወራም። ጥሬው አፍ አይገባም፤ ለእኔ የከበደኝ ይሄኛው ነው። ስንዴው ሰፌድ ላይ ይዘረጋና ፍሬ በፍሬ ይታያል። እንክርዳድ ይወጣል፤ ጠጠር ይወጣል፤ ነቀዝ የነካው ይወጣል። የተሰበረውም ይወጣል።

«ስባሪው ምን አደረገ?» አልኳቸው። «እሱስ ስንዴ አይደለም?»

«ስንዴማ ነው። ለመሥዋዕቱ የሚቀርበው ግን ሙሉው ነው፤ ነውር የሌለበት።»

«ስባሪውስ?»

«ለዶሮ።»

ምላሴ ሳላዘው ወደ ጥርሴ ሄደ።

እንቅልፍ ነሳኝ ብል ውሸት ነው፤ እኔ እንቅልፍ የሚነሳኝ ነገር ገና አልተፈጠረም። ግን በነጋታው ሰፌዱ ላይ እንዳቀረቀርኩ «እማሆይ፣ ሰማይ ቤትም ይለቀማል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

እማሆይ የመነጽራቸውን ክር አጠበቁ። ከጆሯቸው ጀርባ በክር የሚያስሩት አንድ እጀታው የወለቀ መነጽር ነበራቸው።

«እዚህ የምታየው ሁሉ የእዚያኛው ጥላ ነው» አሉኝ። «መቅደሱ ጥላ ነው፤ መጋረጃው ጥላ ነው። እውነተኛው መቅደስ የሰው እጅ ያልሠራው፣ እላይ ያለው ነው። ዓይን አያየውም እንጂ አለ። ካህኑ እዚህ ሲያጥን እዚያም ያጥናሉ።»

እሳቸው ስለ ትልቅ ምሥጢር ነው የነገሩኝ። እኔ ግን የማውቀው ጥላ ሰውዬው እጁን ሲያነሣ አብሮ እጁን የሚያነሣውን ነው። እማሆይ እዚህ ሰፌድ ከያዙ፣ እላይ ሰፌድ የያዘ አለ ማለት ነው። ወዲያው ታየኝ። ሰፌዱ ከላፍቶ እስከ ፉሪ ይሰፋል። መልአኩ ነጭ ለብሶ፣ መነጽሩን በክር አስሮ አቀርቅሯል። የሰፈሩ ሰው በሙሉ ሰፌዱ ላይ ተዘርግቷል፤ ቄሱም፣ የቀበሌው ሊቀ መንበርም፣ እናቴም አሉ። ትልቁ ጣት እየፈለገ፣ እየፈለገ እኔ ጋ ይደርሳል። «ይሄ ሸርፏል» ይላል መልአኩ፤ ይወረውረኛል። ታች ደግሞ ዶሮ አለ። ሌላው ልጅ ሲኦልን በእሳት ሲያውቀው፣ እኔ በዚያ ዓመት የማውቀው እንደ ትልቅ ቀይ አውራ ዶሮ ነበር። የባሰው ደግሞ፣ ዶሮው ለፋሲካ እንደሚታረድ አውቃለሁ። ዞሮ ዞሮ የራሴ እናት በበርበሬ ልትሠራኝ ነው።

ስለዚህ አፌን ዘጋሁ። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ከንፈሬን እንደ ኪስ አጥፌ ነው፤ ዜማውን በአፍንጫዬ እከተላለሁ። እቤትም ዝም አልኩ።

«ይሄን ልጅ ምን ነካብኝ?» አለች እናቴ።

«ዝም በይ፣ እንዳትቀሰቅሺው» አላት አባቴ። «ጾሙ ሠርቶለት ይሆናል።»

ትምህርት ቤት ግን ዝምታው አልሠራልኝም። የፖለቲካ ትምህርት የሚያስተምረን ወጣት መምህር ነበር፤ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ። «የማይታይና የማይዳሰስ ነገር የለም!» ብሎ ከገለጸ በኋላ፣ «እስቲ መልአክ ያየ እጁን ያውጣ!» አለ። እጄን አወጣሁ። ያየሁት በሐሳቤ መሆኑ ትዝ ያለኝ ካወጣሁ በኋላ ነው።

«ምን ይመስላል?» አለኝ መምህሩ።

አፌን በመዳፌ ሸፍኜ «መነጽር ያደርጋል» አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መምህሩ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዞረ። የሚጽፍ መስሎን ነበር፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል። ሲመለስ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ክፍል እንድጠርግ ፈረደብኝ።

ከደብረ ዘይት በኋላ ጋሼ ደምሴ ከጦር ሜዳ ተመለሰ። የእማሆይ አንድ ልጅ ነው። ሚሊሻ ሆኖ ሲዘምት በሁለት እግሩ ነበር፤ ከሆስፒታል ሲመጣ ግራው ከጉልበት በታች የለም። እማሆይ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው አላለቀሱም፤ ዝም ብለው አዩት። እንደ ስንዴ እየለቀሙት መሰለኝ።

በመጀመሪያው እሑድ መገበሪያውን በነጭ ጨርቅ ቋጥረን ሦስታችን ወደ ማርያም ወጣን። በሩ ጋ ስንደርስ ጋሼ ደምሴ ከውጭ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ክራንቹን አጠገቡ አጋደመ።

«አትገባም?» አሉት እማሆይ።

«ከዚህም ይሰማል።»

«የሚሰማውማ ለሰፈሩ ከብት ሁሉ ይሰማል።»

«ተይኝ፣ እማዬ።»

ተዉት። በሚቀጥለውም እሑድ እንደዚያው ሆነ፤ በሚቀጥለውም። አብሮን ይመጣል፣ ከድንጋዩ አያልፍም። በመንገድ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፤ ስለ በሩ አያወሩም። አንድ ቀን ግን እማሆይ ለእናቴ «የሰፈሩን ሁሉ ቁርባን እፈጫለሁ» ሲሏት ሰማሁ። «የገዛ ልጄ ከደጅ ቆሞ እያየሁት ልሙት?» ድምፃቸው እንዲያ ሲሰበር ሰምቼ አላውቅም ነበር።

እኔ ደግሞ ነገሩ ገብቶኛል ብዬ አምኛለሁ። እኔ በጥርስ፣ እሱ በእግር፤ ሁለታችንም ስባሪዎች ነን። እሱ ትልቅ ሰው ስለሆነ ተለቅሞ እስኪጣል አልጠበቀም፤ በገዛ ፈቃዱ ከሰፌዱ ወርዷል። ስለዚህ ተጠጋሁት። ድንጋዩ ሥር ብይ እንጫወታለን፤ አንድ እግር ይዞ ሁልጊዜ ይበላኛል።

«ጋሼ» አልኩት አንድ ቀን፣ «አንተም ዶሮ ትፈራለህ?»

«የምን ዶሮ?»

«ያው፣ ዶሮ።»

ብዩን ይዞ ትንሽ አሰበ። «እስካሁን አልተኮሰብኝም» አለ።

እንዲህ ቀላል አድርጎ ሲያየው ጊዜ አዘንኩለት። የሚመጣበትን አያውቅም። እንግዲህ ሁለታችንን የሚያድን ሰው ቢኖር እኔ ነኝ አልኩ፤ የማስበው ነገር ሁሉ ከአቅሜ በላይ የሆነው ከያኔ ጀምሮ ነው።

ሆሳዕና አልፎ ሰሙነ ሕማማት ገባ። ለጸሎተ ሐሙስ ቅዳሴ የሚሆነውን መገበሪያ እየለቀምን ነው። ስባሪ ከሚጠራቀምበት ጣሳ ሁለት ፍሬ መረጥኩ፤ አንዲት ትንሽ፣ አንዲት ትልቅ። እማሆይ መነጽራቸውን ሲጠርጉ ጠብቄ ወደ ሙሉው ስንዴ አስገባኋቸውና ከላይ አለበስኳቸው።

እማሆይ ለቀማው ሲያልቅ ሰፌዱን ወደ በሩ ብርሃን ይዘው ይመረምራሉ። ያ «ደክሟል» ያሉኝ ዓይን ሁለቱንም ወዲያው ለቅሞ አወጣቸው።

«ይሄን ማን ከተተው?»

ከንፈሬን አጠፍኩ።

«አፍ የለህም?»

«ትንሿ እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ትልቋ ጋሼ ደምሴ ነው።»

«ምን?»

«ተሰብረን አይደል የወጣነው? እኔ በጥርሴ፣ እሱ በእግሩ። ሙሉዎቹ መሃል ተደብቀን እንግባ ብዬ ነው።»

ጋሼ ደምሴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የክራንቹን ጫፍ ጎማ እየቸነከረ ነበር። መዶሻው ቆመ።

ዱላ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ሳቅ ጠበቅሁ፤ እሱም አልመጣም። እማሆይ ሁለቱን ስባሪዎች በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯቸው። «ተነሥ» አሉኝና ወደ ወፍጮው ወሰዱኝ።

ሲፈጩ አይቼ አላውቅም ነበር፤ የእኔ ሥራ ሰፌዱ ላይ ያበቃ ነበር። ነጩን ጨርቅ ከድንጋዩ ላይ ገለጡ፤ ያንን ፍሬ በፍሬ ያየነውን ስንዴ አፈሰሱ፤ በጉልበታቸው ተንበረከኩና መጁን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ፊት ገፉ። ክርርር አለ። ያ ሽታ ወጣ።

«እማሆይ!» ብዬ ጮህኩ። «የለቀምነው እኮ ነው!»

«አዎ።»

«ሙሉ ነበር እኮ!»

«ሙሉ ነበር።» መጁን መለሱት፤ ገፉት። «እስቲ አሁን ሙሉውን አሳየኝ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ዱቄት ነው።

«ሳይደቅ ኅብስት የሚሆን ስንዴ የለም» አሉኝ። «ከሰው ወገን ሙሉ የነበረው አንድ እሱ ነው። ጉድለት የለበት፣ እንከን የለበት። ታዲያ እሱ ምን ሆነ? ተቆረሰ። ለምን መሰለህ? እኛ ስባሪዎቹ እንዳንጣል ነው። ስንዴውን የምለቅመው እሱን እያሰብኩ ነው እንጂ ሰው ለመልቀም አይደለም። ሰው መልቀምማ ቢሆን፣ ልጄ፣ ሰፌዱ ላይ ማን ይቀር ነበር? እኔም ዶሮ በልቶኝ ነበር።»

እኔን እያዩ ነው የሚናገሩት፤ ድምፃቸው ግን እኔን አልፎ ወደ በሩ ይሄድ ነበር።

«እማዬ» አለ ጋሼ ደምሴ። «ልጁ ከደጅ የቀረሁት በእግሬ ምክንያት መስሎታል።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ የተሰበርኩ ብቻ አይደለሁም። የሰበርኩም ነኝ። ይሄ እጅ ምን እንደሠራ አንቺ አታውቂም።»

እማሆይ መጁን ያዝ አደረጉ።

«እሱን የቸነከሩት ሰዎች» አሉ ቀስ ብለው፣ «መዶሻውን ከእጃቸው ሳያስቀምጡ ነው ምሕረት የለመነላቸው።»

ጋሼ ደምሴ በእጁ የያዘውን አየ። ከዚያ መዶሻውን መሬት ላይ አኑሮ፣ ክራንቹን ተደግፎ ተነሣና ሄደ።

እማሆይ መፍጨታቸውን ቀጠሉ። አንገታቸውን ግን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር የሚፈጩት፤ እንባቸው ዱቄቱ ላይ እንዳይወድቅ። መገበሪያ ውስጥ ከስንዴ ሌላ ነገር አይገባም።

ጸሎተ ሐሙስ ጋሼ ደምሴ ድንጋዩ ጋ እንኳ አልመጣም። አበላሸሁት ብዬ ጉልባኔን ሳልጨርስ ተውኩ። ቶላ ጨረሰልኝ።

ስቅለት ደረሰ። የማርያም ግቢ ከዳር እስከ ዳር ነጠላ ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ሕዝቡ ይሰግዳል፣ ይነሣል፣ ይሰግዳል። አፈሩ ግንባራችን ላይ ታትሟል። ቶላ ከጎኔ «ሸራፋው፣ ደከመህ?» ይለኛል፤ ሲነሣ ግን ጉልበቱ ከእኔ በላይ ይጮሃል። እኔ «ኪርያላይሶን»ን እንደ ልማዴ በአፍንጫዬ እላለሁ።

ፀሐይዋ ስትዘቀዝቅ ቀሳውስቱ የወይራ ቅጠል ይዘው ቆሙ። ሰው እየቀረበ ያጠፋውን በጆሯቸው ይናገራል፤ እነሱም ጀርባውን በወይራው ቸብ ቸብ አድርገው ስግደት ያዝዙታል። ተሰለፍኩ። ተራዬ ደረሰ።

«ምን አጠፋህ?» አሉኝ ቄሱ።

ሰሞኑን ሁሉ ዘግቼ የያዝኩትን አፌን ከፍቼ አሳየኋቸው።

ጎንበስ ብለው አዩ። «ይሄ ኃጢአት አይደለም፤ ይሄ ቆርኪ ነው» አሉኝ። ለካ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል! ወይራውን ጀርባዬ ላይ አሳረፉና፣ «በል ኪርያላይሶንን በአፍህ በላት፤ በአፍንጫህ ማን ይሰማሃል?» አሉኝ።

ዞር ስል ጋሼ ደምሴን አየሁት።

ሲመጣ አልሰማነውም፤ ጎማ የተቸነከረበት ክራንች ድምፅ የለውም። ከድንጋዩ አልፎ፣ ከበሩ አልፎ፣ ከሰልፉ መጨረሻ ቆሟል። ከፊቱ ነጠላውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ ሰው አለ፤ ፊቱን አላየሁም፤ ጫማው ግን የተወለወለ ነበር። ሁለቱም መሬት መሬት ያያሉ።

ተራው ሲደርስ ጋሼ ደምሴ ወደ ቄሱ ጆሮ ጎንበስ አለ። ብዙ ተናገረ። ቄሱ ወይራውን የያዘ እጃቸውን ወደ ታች ጥለው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። ከዚያ ጀርባውን ነኩት፤ ወይራውን ጥለውም ባዶ እጃቸውን ራሱ ላይ አኖሩ፤ አላነሡትም።

ሲለቁት ወደ እኔ መጣና ክራንቹን ሰጠኝ።

«ያዛት» አለኝ።

አንድ እግር ይዞ መስገድን አይታችኋል? በአንድ ጉልበቱ ወረደ፣ በእጁ መሬቱን ያዘ፣ ግንባሩን አፈሩ ላይ አደረገ። ለመነሣት አፈሩን ቧጠጠ። ወደቀ። እንደገና ተነሣ። ማንም አልረዳውም፤ የሚረዱት ነገር አልነበረም። እማሆይ ከሴቶቹ መሃል ወጥተው መጡ። አልነኩትም፤ አጠገቡ ቆሙና እሱ ሲወርድ ወረዱ፣ እሱ ሲነሣ ቆይተው ጠበቁት። የነጠላቸው ጫፍ አሁንም ተቋጥሯል።

ክራንቹን አቅፌ አፌን ከፈትኩ። «ኪርያላይሶን!» አልኩ። ነፋሱ በሸራፋዬ ገብቶ ቀዘቀዘኝ። መልአኩ ካየም ይየኝ አልኩ።

ስግደቱ ሲያልቅ እናትና ልጅ ፊት ለፊት ቆሙ። ይሳሳማሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልተሳሳሙም። እማሆይ ግንባሩ ላይ ያለውን አፈር እንኳ ሳይጠርጉለት መንገድ ጀመሩ። ገና አልታረቁም ማለት ነው ብዬ ልቤ ወደቀ። በመንገድ ነጠላቸውን ጎትቼ «ለምን አልሳሙትም?» አልኳቸው።

«ሕማማት ነው፤ በሕማማት አይሳሳሙም። እሱን የሸጡት በመሳም ነው» አሉኝ። ትንሽ ተራመዱና፣ ከረሜላ እንደሚጠብቅ ልጅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እሑድ እስመዋለሁ» አሉ።

እሑድ ጠዋት ስነቃ እየሳሙት ነበር። መቼ እንደጀመሩ አላውቅም።

«አባባ! አሰቡ?»

ዱቄት የለበሰው ልጅ ነው። ሴትዮዋ ሄደዋል፤ ወፍጮው ባዶውን ያጓራል።

«ፍጨው» አልኩት። «አንድም ሙሉ እንዳታስቀርብኝ።»

እቤት ስደርስ ባለቤቴ ፌስታሉን ከፈተች፤ ዱቄቱን አየች፤ እኔን አየች።

«ቂንጬ አላልኩህም?»

«ገንፎ ይሁን» አልኳትና አፌን ከፍቼ አሳየኋት። «በዚች ቂንጬ ይታኘካል?»

እሷም ልትቆጣ ጀምራ ሳቀች። ሙሉዎቹ ጥርሶቼ በሙሉ አንድ በአንድ ተለቅመው ወጥተዋል። ከፊት የቀረችኝ ያቺው ሸራፋዋ ናት።